የጥር ወር መጽሐፍ

ሚኒባሱን ያስቆሙት ወረታ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ነው። ሚያዝያ ከገባ ገና ሳምንት አልሞላውም። አንበሳሜ ለቅሶ ደርሼ እየተመለስሁ ስለነበር ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅሁ ወረድሁ። መሣሪያ የያዙት ሰዎች አራት ነበሩ። አንዱ ቦርሳዬን ከፈተና መጀመሪያ ያገኘው ሲሪንጅና መርፌ ሆነ።

"ምንድን ነህ አንተ?"

"የከብት ሐኪም።"

እውነቱን ለመናገር ሐኪም አይደለሁም፤ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። ፎገራ ላይ ግን ላም የከተበ ሁሉ ዶክተር ነው፤ እኔም ለምጄዋለሁ። መርፌውን መለሰልኝ። ቀጥሎ ደብተሬን አወጣ። ሲያገላብጠው ምንም አልመሰለኝም፤ ያው ስለ ላም ነው የተጻፈበት። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ግን ቆመና ጓደኛውን ጠራው።

የዚያን ገጽ ነገር ማስረዳት አለብኝ።

በፊት አንባቢ ነበርሁ። ኮሌጅ ሳለሁ ለምሳ ተሰልፌ ሳይቀር አነባለሁ፤ ጓደኞቼ "ይሄ ሰው ዓይኑን ሊያጠፋ ነው" ይሉኝ ነበር። ከዚያ ሥራ መጣ፣ ትዳር መጣ፣ ስልክ መጣ። ጉዱ ስልኩ ነው። ማታ ጋደም ብዬ ሳሻሽ፣ ጠዋት ስነሳ ሳሻሽ፣ ዓመቱ ያልቃል። አንድ ክረምት ኔትወርክ ጠፋና ሳይመለስ ቆየ። ስልኬን እንደ ድንጋይ በኪሴ ተሸክሜ ስንጎራደድ ያየችኝ ባለቤቴ፣ "ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን መጻሕፍት ምስጥ ሳይጨርሳቸው ብታያቸው ምናለ" አለችኝ። ከፈትሁት። መጽሐፍ አንብቤ ከጨረስሁ አሥራ ሁለት ዓመት እንዳለፈኝ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። አፈርሁ።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ደብተሬ መጨረሻ ላይ ከመስከረም እስከ ጳጉሜ አሥራ ሦስት መስመር አሰመርሁ። ለየወሩ አንድ መጽሐፍ። ለጳጉሜ ከሳጥኑ ውስጥ ቀጭኗን መረጥሁላት። ስሙን ጻፍሁ፣ የገጹን ብዛት ጻፍሁ፣ ጨርሼ ስከድነው ደግሞ ከጎኑ ምልክት አደርጋለሁ። ይህ ከሥራዬ የመጣ ልማድ ነው። ክትባት ስንሰጥ የላሚቱን ባለቤት ስም ጽፈን፣ መርፌው ከገባ በኋላ ብቻ ምልክት እናደርጋለን። መርፌው ሳይገባ ምልክት ያደረገ ሰው የሰው ከብት ያስጨርሳል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ በአንዲት ላም ዋሽቼ አላውቅም።

በመጽሐፍ ግን ዋሸሁ። ጥር ላይ ነው። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ያን ዓመት ደግሞ የእኔ ዘመድ ሁሉ የተነጋገረ ይመስል ተከታትሎ ዳረ። መጽሐፉን ይዤ ዳስ ውስጥ እቀመጣለሁ፤ አንዱ "ዶክተር፣ ለቅሶ ቤት መሰለህ እንዴ?" ይላል፤ ሌላው ጠላ ይቀዳልኛል። ወሩ ሲያልቅ ገና መቶ አርባ ገጽ ላይ ነበርሁ፤ ግማሹ። መስመሩ ባዶ ሆኖ ሲታየኝ አልቻልሁም። ምልክት አደረግሁበት። በኋላ እመለስበታለሁ ብዬ የካቲትን ጀመርሁ።

እንግዲህ ታጣቂዎቹ ያገኙት ይህን ገጽ ነው። አሥራ ሦስት መስመር፣ ሰባት ምልክት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የማነባቸው መጻሕፍት ዝርዝር ነው።"

"ማን አዞህ?"

"ማንም። ራሴ ነኝ ራሴን ያዘዝሁ።"

ሳቀ። ጓደኛው አልሳቀም። "ወደዚያ ቁም" አለኝ። ሚኒባሱ ተሳፋሪዎቹን ይዞ ሲሄድ አንድም ሰው በመስኮት አላየኝም። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን አላይም ነበር።

ያስገቡኝ የሩዝ መጋዘን ውስጥ ነው። ሩዙ ወጥቶ ገለባና አቧራው ቀርቷል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ በሚያዝያ ፀሐይ ከረፋዱ ጀምሮ ውስጡ ይጋላል። አቧራው ጉሮሮ ውስጥ ይገባል፤ አንዱ ማሳል ሲጀምር ሁላችንም እንከተለዋለን። ከእኔ ጋር አሥራ ሁለት ሰዎች ነበርን። በሩ ሲከፈት ዓይኔ ብርሃኑን ሳይሆን የጠባቂውን አፍ ነበር የሚያየው፤ ምክንያቱም ጠዋት ጠዋት አንዲት ነጭ ፒካፕ ትመጣለች፣ አንድ ወይም ሁለት ስም ይጠራል፣ የተጠራው ይሄዳል፣ አይመለስም። ወዴት እንደምትወስዳቸው የሚያውቅ አልነበረም። ሞተሯን ከሩቅ ስሰማ ወደ ግድግዳው እጠጋለሁ። እፈራ ነበር። ፍርሃት በልብ ነው ሲሉ እሰማለሁ፤ የእኔ ግን በአንጀትና በጉልበት ነበር፤ ለሽንት ወደተቀመጠልን ባልዲ ለመድረስ እንኳ ግድግዳ መያዝ ነበረብኝ።

ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ናቸው። ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡት ነው እሳቸውን ያመጧቸው። አወቁኝ። "አንተ ያች ቡሬ ላሜን የከተብሃት አይደለህም?" አሉኝ። ላሟን ባላስታውሳትም ነኝ አልሁ። ከእሳቸው ወዲያ አንድ ሸማኔ ነበር፤ ተቀምጦም ቢሆን ጣቶቹ ክር የሚቀጥሉ ይመስል አያርፉም።

በማግሥቱ ጠዋት ስሜ ተጠራ። መኪናዋ ገና አልመጣችም ነበር። ሚዛን ቤቱ ውስጥ አስገቡኝ፤ ድሮ ጆንያ የሚመዘንበት ጠባብ ክፍል ነው። መርማሪው ጎልማሳ ነው፤ መነጽር ያደርጋል፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ደብተሬ ፊቱ ተዘርግቷል።

"ተማሪ ነህ?"

"አይደለሁም።"

"ፈተና አለብህ?"

"የለብኝም።"

"ታዲያ ሰው ያለ አዛዥ በየወሩ እየቆጠረ ያነባል? ይሄ የጥናት ፕሮግራም ነው። ማን ነው የሚያስጠናችሁ?"

"ማንም የለም፣ ጌታዬ። ለራሴ ነው። ማንበብ ትቼ ነበር፤ እንደገና ልጀምር ብዬ ነው።"

እንዴት ያለ የማይረባ መልስ እንደሆነ ከአፌ ሲወጣ ታወቀኝ። እሱም ጣቱን በዝርዝሩ ላይ ቀስ እያደረገ አወረደ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ። ጥር ላይ ሲደርስ ቆመ። መነጽሩን አወለቀ።

"ይህን አውቀዋለሁ" አለ። "ዳኛው በመጨረሻ ወንድሙ ላይ ምን ፈረደ?"

እግዜር ያሳያችሁ። ከሰባቱ መካከል ያቺን! ጉድ ፈላ አልሁ በሆዴ።

"ረሳሁት" አልሁ። "ሌሎቹን ይጠይቁኝ።"

"ሌሎቹን እኔ አላነበብኋቸውም። ያነበብሁት ይህን ነው፤ የምጠይቅህም ይህን ነው።" ደብተሩን ከደነው። "እስከ ነገ ጠዋት አስብ። ካነበብኸው ትዝ ይልሃል። ካላነበብኸው ግን ይህ ምልክት የመጽሐፍ አይደለም ማለት ነው። የምን እንደሆነ ደግሞ መኪናዋ የምታደርስህ ቦታ ትናገራለህ።"

ወደ መጋዘኑ ስመለስ ሽማግሌው ፊቴን አይተው ቦታ ለቀቁልኝ። ነገርኋቸው። ያነበብሁትን፣ ያላነበብሁትን፣ የሰርጉን ነገር ሳይቀር። ይህን ስናገር ከመፍራቴ ይልቅ ማፈሬ ይበልጥ ነበር። ለሸማኔው ግን ነገሩ ቀላል ሆነለት።

"ይቺ ናት እንዴ? ወይ ፈርዶበታል ወይ ለቅቆታል፤ ሌላ ምን አለ? አንዱን ንገረውና ተገላገል" አለኝ።

"ካልሆነስ?"

"ካልሆነማ ያው ነው፣ ትሄዳለህ።"

ሽማግሌው ሸማኔውን በእጃቸው ዝም አሰኙት። በአገራቸው ድንበር የተጋፋ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። በፎገራ ውሃው በየዓመቱ ድንበር ስለሚያጠፋ ሥራ ፈተው አያውቁም። "እንዲያው ነገሩን ከሥሩ ንገረን" አሉኝ። "ሰው እንዴት እንዳደረገ ካወቅን፣ ዳኛው ምን ሊያደርግ እንደሚችል አይጠፋንም።"

ጀመርሁ። አንድ ዳኛ ለሥራ ወደ ተወለደበት አገር ይመደባል። የመጀመሪያ ጉዳዩ ሆኖ የሚቀርብለት የገዛ ወንድሙ ነው፤ የጎረቤቱን ክምር አቃጥለሃል ተብሎ ተከሷል።

"ክምሩ የምን ነው?" አሉ ሽማግሌው።

"የምን ነው ማለት፣ አባቴ?"

"ጤፍ ነው? ገብስ ነው? የዓመት ቀለብ ነው ወይስ ድርቆሽ?"

አላውቅም ነበር።

"ሲቃጠል ያየው ማን ነው?"

አንድ ምስክር ነበር፤ ሴት ትሁን ወንድ ጠፋኝ።

"እናታቸውስ? በሕይወት አለች?"

መቶ አርባ ገጽ አንብቤ እናቲቱ ትኑር ትሙት አላውቅም። ላም የሚከትብ ሰው ላሚቱ ቆማ ይሁን ተኝታ እንዳላየ ማለት ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ጥርን ብቻ አልነበረም የዋሸሁት። ሌሎቹንም የጨረስኋቸው ገጽ እየቆጠርሁ ነው፤ ስንት ቀረኝ፣ ስንት ቀረኝ እያልሁ። ስልኬን እንደማሻሸው ነበር መጽሐፉን ያሻሸሁት።

ዓይኔን ጨፈንሁና ከመጀመሪያው ገጽ ተነሳሁ። ከዳሱ ጫጫታ፣ ከጠላው ሽታ መካከል ያነበብሁት ቀስ እያለ መጣ። ዳኛው በበቅሎ ሲገባ። የልጅነት ጓደኛው እጅ ሲነሳው ማፈሩ። ክምሩ የጤፍ ነበር፤ አዎ፣ ጤፍ፣ ሦስት ቀን የተወቃበት አውድማ አጠገብ። ከዚያ ችሎቱ። ከኋላ አግዳሚ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጣለች። ሁለት ቋጠሮ ይዛለች። ምሳ ሰዓት ሲሆን አንዱን ለታሰረው ልጇ፣ አንዱን ለዳኛው ልጇ ትልካለች፤ ሁለቱም ቋጠሮ አንድ ዓይነት ነው። ያን ገጽ ሳነብ አንዱ በትከሻዬ ላይ ዘሎ እንደጨፈረ እንኳ ትዝ አለኝ። አንብቤ አልፌው ነበር።

"አለች፣ አባቴ" አልሁ። "በሕይወት አለች።" ስለ ቋጠሮውም ነገርኋቸው። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም። ሸማኔው ጣቶቹን አቁሞ ያየኝ ነበር።

ያን ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ሽምግልና ሆነ። ጥግ የተቀመጡት ሳይቀሩ ተጠግተው ተከራከሩ። ሸማኔው "ቀለብ ያቃጠለ ይታሰር" አለ። ሌላው "መጀመሪያ ይጣራ" አለ። ሽማግሌው ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ፣ "ዳኛው ከወንበሩ ተነስቶ ጉዳዩን ለሌላ ይስጥ፤ እሱ ሄዶ ከእናቱ ጎን ይቀመጥ" አሉ። ማንም አልተቃወማቸውም። ለአንድ ሁለት ሰዓት ያህል መኪናዋን ረስቻት ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ አንብቤ አላውቅም፤ መጽሐፉ ደግሞ እዚያ አልነበረም።

"በል ይህንኑ ንገረው" አሉኝ። "ሰው የጻፈው ከሆነ ከዚህ አይርቅም።"

በማግሥቱ ስጠራ ፒካፗ ግቢው ውስጥ ቆማ ነበር፤ ሞተሯ አልጠፋም። ጭሷን አልፌ ነው ወደ ሚዛን ቤቱ የገባሁት። ጠባቂው ብብቴን ይዞ አስቀመጠኝ። የሽማግሌውን ፍርድ በልቤ አጥንቼዋለሁ። ከወንበሩ ተነሳ፣ ለሌላ ዳኛ ሰጠ። ይኸው ነው።

"እህስ?" አለ መርማሪው። "ዳኛው ምን ፈረደ?"

አፌን ከፈትሁ። ያ ፍርድ የሽማግሌው ነው፤ የመጽሐፉ አይደለም። ትክክል ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ያችን እናት ካስታወስኋት ወዲያ ግን በመጽሐፉ ላይ ሁለተኛ ውሸት መጨመር አቃተኝ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር።

"አላውቅም" አልሁ። "አልጨረስሁትም።"

ቀና አለ። "ምን አልህ?"

"እስከ መቶ አርባ ገጽ ነው ያነበብሁት። ሰርግ በዛብኝ። ምልክቱን ያደረግሁት ዋሽቼ ነው።"

"ማንን ለመዋሸት?"

"ራሴን።"

ከውጭ የመኪናዋ ድምፅ ይሰማል። እጄን ወደ ጠረጴዛው ዘረጋሁ፤ እስክሪብቶው እዚያ ነበር። ሳላስፈቅድ አነሳሁት። ጠባቂው አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ፤ መርማሪው ግን አልከለከለኝም። ደብተሬን ወደ እኔ አዙሬ የጥርን ምልክት ሰረዝሁት። መስመሩ ጠምዛዛ ሆነ፤ የካቲትንም ትንሽ ነካው።

"ስድስት ነው ያነበብሁት" አልሁ።

ገጹን ረጅም ጊዜ አየው። እኔን አላየኝም። "አውጣው" አለ ለጠባቂው።

ከሚዛን ቤቱ ሲወጣ በግራ በኩል መኪናዋ ነች፤ በቀኝ መጋዘኑ ነው። ጠባቂው ክንዴን ይዞ ትንሽ ቆመ፤ ሲጋራውን ሊያስተካክል ነበር። ያቺን ቅጽበት እስከ ዛሬ አልወጣኋትም። ከዚያ ወደ ቀኝ ገፋኝ።

ገብቼ ሳልቀመጥ ለሽማግሌው "ያሉኝን አልነገርሁትም፤ እውነቱን ነገርሁት" አልኋቸው። ምን እንደሚሉ ለመስማት ጊዜ አልነበረኝም። በሩ እንደገና ተከፈተና የእሳቸው ስም ተጠራ። ቀስ ብለው ተነሱ። ጋቢያቸውን አራግፈው የሩዙን አቧራ አስለቀቁ፤ ጫማቸውን አጠለቁ። ሲወጡ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

"መቼም አንተ ትወጣለህ" አሉኝ። "ሂድና አንብበው። ምን እንደፈረደ ትነግረኛለህ።"

እሺ እንኳ አላልኋቸውም። የመኪናዋ በር ሲዘጋ ሰማሁ። ለሳቸው አዘንሁ፤ እኔ ባለመሆኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ሁለቱም አንድ ላይ ነው የመጡት፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በዘጠነኛው ቀን "ሂድ" አሉኝ። ደብተሩን አልመለሱልኝም፤ የላሞቹ ክትባት የተጻፈበትም አብሮ ቀረ። ባለቤቴ መታሰሬን እንደሰማች መጻሕፍቱን ጎተራ ውስጥ ቀብራቸው ነበር። "ተዋቸው በቃ" አለችኝ። ሦስት ሳምንት ተውኋቸው። መጽሐፍ ሳስብ የምሰማው ሞተር ነበር። ግንቦት ላይ ግን የጥሩን ፈልጌ አወጣሁና ከአንደኛው ገጽ ጀመርሁት። ምልክት የማደርግበት ነገር አልነበረኝም። በቀን አምስት ገጽ፣ አንዳንዴ ሁለት። ወሩ ስንት እንደሆነ አልቆጥርም ነበር።

ሽማግሌው የተመለሱት ሐምሌ ውስጥ ነው። ለምን እንደለቀቋቸው አልነገሯቸውም፤ እኔም የት እንደነበሩ አልጠየቅሁም። ቁሐር ሚካኤል ድረስ በጭቃው ሄጄ አየኋቸው። ከስተዋል፤ አንድ ጆሯቸው አይሰማም። ሰላምታው ሳያልቅ፣ "እህስ፣ ዳኛው?" አሉኝ።

"ከመጀመሪያው ላንብብልዎት" አልኋቸው።

እሑድ እሑድ እየሄድሁ ሳነብላቸው ክረምቱ አለፈ። በሚሰማው ጆሯቸው በኩል እቀመጣለሁ። ሩዙ ውሃ ውስጥ ቆሟል፤ ከብቶቹ ደረቅ ቦታ ፍለጋ ወደ ቤቱ ይጠጋሉ። እሳቸው በየገጹ ያስቆሙኛል፤ ይጠይቁኛል፤ አንዳንዴም ከደራሲው ጋር ይጣላሉ። የዛሬ ሳምንት መጨረሻው ላይ ደረስን። ዳኛው ብድግ ብሎ ፍርዱን ሊያነብ ሲል ከመንገዱ የመኪና ድምፅ መጣ። መጽሐፉን ጣቴን ውስጡ እንዳደረግሁ ጋቢያቸው ሥር አስገባሁት። እሳቸውም ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። መኪናዋ አልፋ ሄደች።

"የት ደርሰን ነበር?" አሉ።

አወጣሁትና አነበብሁላቸው። ዳኛው ወንድሙን ቀና ብሎ ሳያየው አምስት ዓመት ፈረደበት። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳቡ። የተቆጡ መሰለኝ።

"ፈርቶ ነው" አሉ በመጨረሻ።

"ማንን፣ አባቴ?"

"ሰውን ነዋ። ለወንድሙ አዳላ እንዳይሉት።"

"እኔም እኮ ያን ዕለት ፈርቼ ነበር" አልኋቸው። "እስከ ዛሬም አለቀቀኝም። ቅድም አይተውኛል።"

"አይቻለሁ" አሉ። "አንተ ግን እየፈራህ ተናገርህ።"